ቤት ሲገዛ የሚከፈል ግብርና ቀረጥ

ሰው በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ከፍተኛው የመኖሪያ ቤት ግዢ ነው። ልብስ ቢያልቅ ይለወጣል፤ ከብት ቢሞት ይተካል፤ ቤት ግን አብዛኛው ቤተሰብ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለብዙ ዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብና በብድር የሚገዛው ሀብት ነው። በዚህ ግዢ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዋጋው ነው። ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ውሃና መብራት እንደ ገባለት፣ ለመንገድ ቅርብ መሆኑን ይመረምራል፤ ከሻጩ ጋር ይከራከራል፤ በመጨረሻም ይስማማል። ይሁንና ገዥና ሻጭ ከተስማሙ በኋላ በጉዳዩ የሚገባ ሌላ ባለመብት አለ፤ ይኸውም መንግሥት ነው። መንግሥት የቤቱ ባለቤትነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ዝውውሩን ይመዘግባል፤ ስለ ዝውውሩም ቀረጥና ግብር ያስከፍላል። በዚህ ምንባብ ይህ ክፍያ ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚከፍለው፣ እንዴት እንደሚሰላና አለመክፈል የሚያስከትለው ጉዳት ምን እንደ ሆነ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት እንመለከታለን።

ግብር፣ ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ግብር»፣ «ቀረጥ» እና «ታክስ» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ይሰማል። ሆኖም ቤት በሚሸጥበት ጊዜ የሚከፈሉት ክፍያዎች የተለያዩ ስለ ሆኑ ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የቴምብር ቀረጥ ነው። ቴምብር የሚለው ስም የመጣው ቀረጡ መከፈሉን ለማሳየት በሰነድ ላይ ከሚለጠፈው ትንሽ ማኅተማዊ ወረቀት ነው። ስለዚህ የቴምብር ቀረጥ በመሠረቱ የሚከፈለው በቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ሳይሆን ባለቤትነትን በሚያረጋግጠው ሰነድ ላይ ነው። ዛሬ በርከት ያለው ክፍያ በደረሰኝ የሚፈጸም ቢሆንም ስሙ እንደ ጥንቱ ቀርቷል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የንብረት ባለቤትነት ስም በሚመዘገብበት ጊዜ የሚከፈለውን ቀረጥ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ እንዲሆን ደንግጓል። ይህን ቀረጥ የሚከፍለው ቤቱን በስሙ የሚያስመዘግበው ገዥው ነው።

ሁለተኛው በሻጩ ላይ የሚወድቅ ግብር ነው። አንድ ሰው ቤቱን ከገዛበት ወይም ከሠራበት ወጪ በበለጠ ዋጋ ቢሸጠው ያተርፋል፤ በዚህ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር በተለምዶ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ላይ ሳይሆን በትርፉ ላይ ብቻ መሆኑን ነው። ደግሞም ይኸው አዋጅ ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለን ቤት ከዚህ ግብር ነፃ አድርጎታል። የሕጉ ዓላማ ቤት እየገዛ በመሸጥ የሚያተርፈውን ሰው እንጂ ከኖረበት ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚዛወረውን ቤተሰብ ማስከፈል አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው የከተማ አስተዳደሮች ስም ለማዛወር የሚያስከፍሉት ክፍያ ነው። ሕዝቡ ይህን ክፍያ «አሹራ» እያለ ይጠራዋል። የክፍያው መጠን በየከተማው ደንብ ስለሚወሰን አንድ ወጥ አይደለም።

ከእነዚህ ከሦስቱ የተለየው ደግሞ በየዓመቱ የሚከፈለው ግብር ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር በየዓመቱ እንዲከፈል አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ዓመታዊው ግብር የሚከፈለው ቤቱን በይዞታ ሥር በማድረግ ምክንያት ሲሆን፣ የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ የሚከፈሉት ግን ቤቱ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገዥ ግን የሻጩ ዓመታዊ ግብር ያልተከፈለ ሆኖ እንዳያገኘው ውል ከመፈረሙ በፊት ደረሰኞቹን መመርመር ይኖርበታል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ቤት ይሸጣል፤ መሬት ግን አይሸጥም። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ስለ ቤት ግዢ ማወቅ አይቻልም።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በከተማ ያለ ቦታ እንደ ማንኛውም ሀብት ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሀብት አደረገ። በዚህም አዋጅ አንድ ቤተሰብ ሊኖረው የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ሲደነግግ፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ሰጥቶታል። የከተማ ቦታን በሊዝ የመያዝ ሥርዓትም በመጀመሪያ በ1986 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1994 ዓ.ም. እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተደንግጓል።

ከዚህ የተነሣ ገዥ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ በቦታው ላይ ያገኘው ግን የይዞታ ወይም የሊዝ መብት ነው። ይህ መብት የሚታወቀው በመንግሥት መዝገብ በመመዝገብና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በማግኘት ነው። በመሆኑም በኢትዮጵያ የስም ዝውውሩ ምዝገባ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሳይሆን የመብቱ ዋና ምሰሶ ነው። ቀረጡም ግብሩም የሚጠየቀው በዚሁ በር ላይ ነው። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የሚፈለገው ክፍያ መከፈሉን ሳያረጋግጥ ስም አያዛውርም።

ውልና ምዝገባ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሕጉም ከዚህ አባባል ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። እንዲሁም በቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። በቁጥር 1185 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው ንብረቱ ባለበት ቦታ በሚገኘው መዝገብ ሲጻፍ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ እነርሱም ጽሑፍ፣ በሥልጣን ፊት መፈራረምና መዝገብ ናቸው።

በአዲስ አበባ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እያለ የሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ ያከናውናል። ገዥው ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ ያልተያዘ፣ በፍርድ ቤትም ያልታገደ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥ እንደማይቻል ደንግጓልና።

ከውሉ በፊት ቀብድ መቀበልና መስጠትም የተለመደ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ ዕጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት ቀረጡና ግብሩ በማን ላይ እንደሚወድቅ መስማማት ብልኅነት ነው። ብዙ ጊዜ ሻጭ «እኔ የምፈልገው እጄ ላይ የሚደርሰውን ነው፤ ሌላው ሁሉ በገዥ ነው» ይላል። ገዥም የክፍያውን መጠን ሳያሰላ እሺ ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሂሳቡ የሚሠራው ፊርማው ካረፈ በኋላ ይሆናል።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ መምህርና ባለቤቱ በ2,000,000 ብር ቤት ለመግዛት ተስማሙ እንበል። ሻጩ ቤቱን ቀደም ሲል በ1,200,000 ብር የገዛው ነው፤ አልኖረበትም፣ አከራይቶት ነበር። ከላይ በተገለጹት አዋጆች የተመለከቱትን መጠኖች ብንወስድና የዋጋ ንረት ማስተካከያን ለጊዜው ብንተው ሂሳቡ እንደሚከተለው ይሆናል።

ገዥዎቹ የሚከፍሉት የቴምብር ቀረጥ የ2,000,000 ብር 2 በመቶ፣ ማለትም 40,000 ብር ነው።

የሻጩ ትርፍ ከ2,000,000 ብር ላይ 1,200,000 ብር ሲቀነስ 800,000 ብር ነው። በዚህ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ሲሰላ ሻጩ የሚከፍለው ግብር 120,000 ብር ይሆናል።

በዚህ ላይ ከተማው የሚያስከፍለው የስም ማዛወሪያና የውል ማዋዋያ ክፍያ ይጨመራል። እንግዲህ 2,000,000 ብር ብቻ ይዞ የተነሣ ገዥ ቤቱን ገዝቶ ስሙን ማዛወር ያቅተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከዋጋው ሌላ ለእነዚህ ክፍያዎች የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባዋል። የግብር ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ በግዢው ቀን የሚሠራበትን መጠን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም መሥሪያ ቤቱ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ዝቅተኛ መስሎ ከታየው ቤቱን በራሱ መንገድ ገምቶ በግምቱ ላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ

ከዚህ ክፍያ ለመሸሽ አንዳንድ ሰዎች የሚከተሉት መንገድ አለ። ሻጭና ገዥ፣ አንዳንድ ጊዜም በደላላ ምክር፣ እውነተኛውን ዋጋ ትተው ዝቅተኛውን ዋጋ በውሉ ላይ ያሰፍራሉ፤ ልዩነቱን በእጅ ይቀባበላሉ። ሁለቱም የተጠቀሙ ይመስላቸዋል። በእርግጥ የሚጠቀመው ማን ነው?

ያንኑ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋው 2,000,000 ብር ሆኖ ሳለ በውሉ የተጻፈው 1,200,000 ብር ነው እንበል። መሥሪያ ቤቱም ይህን ዋጋ ተቀበለ እንበል። ገዥዎቹ የሚከፍሉት የቴምብር ቀረጥ ከ40,000 ብር ወደ 24,000 ብር ይወርዳል፤ 16,000 ብር ተረፈላቸው ማለት ነው። ሻጩ ግን በወረቀት ላይ ምንም ስላላተረፈ 120,000 ብሩን በሙሉ ሳይከፍል ይቀራል። ከጥቅሙ የአንበሳውን ድርሻ የወሰደው ሻጩ ነው።

ጊዜ አልፎ መምህሩና ባለቤቱ ሳይኖሩበት ያከራዩትን ይህን ቤት በ2,500,000 ብር ቢሸጡትና እውነተኛውን ዋጋ ቢያስመዘግቡ ምን ይሆናል? እውነተኛው ትርፋቸው 500,000 ብር፣ ግብሩም 75,000 ብር ብቻ መሆን ነበረበት። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያለው የግዢ ዋጋ 1,200,000 ብር ስለ ሆነ ትርፋቸው 1,300,000 ብር ተብሎ ይቆጠራል፤ ግብሩም 195,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 120,000 ብር ነው። ይህም የቀድሞው ሻጭ ሳይከፍል የሄደው ግብር ነው። የሻጩ ግብር አልጠፋም፤ ከእርሱ ትከሻ ወርዶ በገዥዎቹ ትከሻ ላይ ተጫነ እንጂ።

ከዚህም የከፋ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። በአንድ ምክንያት ውሉ ቢፈርስና ሻጩ ገንዘቡን እንዲመልስ ቢፈረድበት የሚመልሰው በውሉ የተጻፈውን ነው። በሕጉ በተዋዋዮች መካከል የተጻፈ ሰነድ ስለያዘው ቃል ጽኑ ማስረጃ ስለ ሆነ፣ ገዥው «ከተጻፈው በላይ ሰጥቻለሁ» ብሎ በምስክር ለማስረዳት ይቸገራል። በዚህ ጊዜ 16,000 ብር ለማትረፍ ብሎ 800,000 ብር ሊያጣ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግብርን በሐሰት ሰነድ መሰወር በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

በውክልና የሚደረግ ግዢ

ሌላው መንገድ ደግሞ ስም ሳያዛውሩ በውክልና ቤት መያዝ ነው። ይህ በተለይ በኮንዶሚኒየም ቤቶች ላይ ሲሠራበት የቆየ ነው። በዕጣ የተገኘ የኮንዶሚኒየም ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ክልከላ በመኖሩ፣ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዥው «ቤቱን እንዲያስተዳድርና እንዲሸጥ» ውክልና ይሰጠዋል። ገዥው ይገባበታል፤ ያድሰዋል፤ ልጆቹን ያሳድግበታል። በመዝገቡ ላይ ግን ባለቤቱ አሁንም ሻጩ ነው።

ውክልና የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው በመደበኛው ይቋረጣል። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ በመዝገቡ ላይ ያለውን የአባታቸውን ወይም የእናታቸውን ስም ይዘው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ሻጩ ባለ ዕዳ ቢሆን አበዳሪው ቤቱን ያስይዛል። ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዓመታትም ኖሮበት፣ በዚያ ቤት ላይ ያለውን መብት ለማስረዳት ረጅም ክርክር ውስጥ ይገባል። የቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ክፍያ ከዚህ አደጋ ጋር ያነጻጸረ ሰው ክፍያው ከብዶት አይታየውም።

በሌሎች አገሮች

የቤት ግዢ ቀረጥ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ የቴምብር ቀረጥ በከተማ ላለ ንብረት 4 በመቶ፣ በገጠር ላለ 2 በመቶ ሆኖ ይሰላል። በእንግሊዝ ደግሞ ቀረጡ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ የዋጋው ዝቅተኛ ክፍል በዝቅተኛ መጠን፣ ከፍተኛው ክፍል በከፍተኛ መጠን ይታሰባል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤል በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ሕግ መሠረት የሚከፈል የግዢ ግብር አለ። አንድ መኖሪያ ብቻ ያለው ገዥ በዋጋው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ምንም አይከፍልም፤ በነበረው ቤት ላይ ሌላ የሚጨምር ገዥ ግን ከመጀመሪያው ገንዘብ ጀምሮ ይከፍላል። ለአዲስ ገቢዎችም የተለየ ቅናሽ ተደርጓል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው አንድ ነገር አለ። አንድ ወጥ መጠን ለማስላት ቀላል ነው፤ ሆኖም ጎጆ የሚገዛውንና ቪላ የሚገዛውን በእኩል መቶኛ ያስከፍላል። በደረጃ የተከፋፈለው ሥርዓት ለአነስተኛ ገዥ ይራራል፤ ይሁን እንጂ ለማስላትም ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። የትኛው እንደሚሻል በየአገሩ እያከራከረ ያለ ጉዳይ ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ቤት ሲገዛ የሚከፈለው ቀረጥና ግብር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ለከተማው መንገድ፣ ውሃና ትምህርት ቤት የሚውል የመንግሥት ገቢ ነው። በሌላ በኩል የከፋዩን መብት በመዝገብ የሚያጸና ነው። ክፍያው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ መጠኑ ተመጣጣኝ እንዲሆን መጠየቅም የዜጋ መብት ነው። ይሁን እንጂ ክፍያው ይቀነስ ብሎ በግልጽ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በሐሰት ዋጋ መሸሽ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕጉን ያሻሽላል፤ ሁለተኛው ገዥውን ቤት አልባ ሊያደርገው ይችላል።

መልመጃ አንድ፤ የቃላት ፍቺ

ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት ፍቺ ስጡ፤ በእያንዳንዱም ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ሀ. ቀብድ
ለ. ይዞታ
ሐ. ውክልና
መ. ዕጥፍ
ሠ. ዝውውር

መልመጃ ሁለት፤ የምንባብ ጥያቄዎች

1. የቴምብር ቀረጥ በሰነድ ላይ የሚከፈል ነው ሲባል ምን ማለት ነው?
2. በሽያጭ ትርፍ ላይ ከሚከፈለው ግብር ነፃ የሚሆነው ምን ዓይነት ቤት ነው? ምክንያቱንም አስረዱ።
3. በኢትዮጵያ ቤት የሚገዛ ሰው በቦታው ላይ የሚያገኘው መብት ምን ዓይነት ነው?
4. በምሳሌው የተጠቀሰው 120,000 ብር ከሻጩ ወደ ገዥዎቹ የተላለፈው እንዴት ነው?
5. ቤቱ የተሸጠው በ3,000,000 ብር፣ ሻጩ የገዛውም በ2,400,000 ብር ቢሆንና ባይኖርበት፣ የቴምብር ቀረጡና የሻጩ ግብር በምንባቡ በተጠቀሱት መጠኖች ስንት ስንት ይሆናል?

መልመጃ ሦስት፤ ክርክር

«የቤት ግዢ ቀረጥ ለሁሉም ገዥ በአንድ ወጥ መቶኛ ሊሆን ይገባል» በሚል ርእስ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ የራሳችሁን አቋም በአንድ ገጽ ጻፉ።